ደስታ አሥር፣ ውጤት ዜሮ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይሄን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ስቱዲዮ ውስጥ «ጆሮው» ነው የሚሉኝ። ሲያቆላምጡኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሲያሙኝም በዚያው ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። ለሬዲዮ ቀርጫለሁ፣ ለሠርግ ስፒከር ተሸክሜያለሁ፣ ለቀብር ሳይቀር ማይክ ተክያለሁ። አሁን በስተርጅና የማስተካክለው ግን የማይዘፈንበት፣ የማይወራበት፣ ሰው እንዲተኛበት ተብሎ የሚሠራ ድምፅ ነው። ወይ ጊዜ!

ሥራው እንዲህ ነው። ሙዚቃ ውስጥ አንድ ምት ይቀበራል። ሲጀምር በሰከንድ አሥር ጊዜ ይመታል፣ እየቆየ ወደ ስድስት፣ ከዚያም ወደ አራት ይወርዳል። የሰው አንጎልም የራሱ ሞገድ አለው አሉ፤ ምቱን ሲሰማ ቀስ በቀስ ከሱ ጋር መራመድ ይጀምራል፣ ምቱ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል፣ ባለቤቱም ይረጋጋል፣ ከቀናውም ይተኛል። ይሄን የሚሉት ባለሙያዎቹ ናቸው። እኔ የማውቀው ምቱን መሥራትና ሙዚቃ ማልበስ ነው። አንጎሉ ተከተለ አልተከተለም የሚለው የለኪው ጉዳይ ነው።

ለኪው የምንለው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰውዬ ነው። ሽቦ የተተከለበት ቆብ አለው። ቆቡን አድማጩ ራስ ላይ ያጠልቅና ኮምፒዩተሩ ላይ ያፈጣል። ሲጨርስ ከዜሮ እስከ አሥር አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ እሱ «ውጤት» ይባላል። አድማጩ ደግሞ ሲወጣ ፎርም ይሞላል፤ ድምፁን ምን ያህል እንደወደደው ከአሥር ያስቀምጣል፤ እሱ «ደስታ» ይባላል። አለቃችን፣ የስቱዲዮው ባለቤት፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች፤ «ደስታ ሰባት፣ ውጤት ሰባት። ከዚያ በታች አይወጣም።»

መለጠፉማ ቀላል ነው። ምቱን ጎላ ሳደርገው ግራፉ እንደ ወታደር ይሰለፋል፤ አድማጩ ግን «ጭንቅላቴ ውስጥ ሞተር አስነሡብኝ» ብሎ በአምስት ደቂቃ ሄድፎኑን አውልቆ ይጥላል። ውጤት ስምንት፣ ደስታ ሁለት። ሙዚቃውን ሳጣፍጠው ደግሞ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይወጣል፣ አንዳንዱማ ቅጂ ስጡኝ ይላል፤ ግራፉ ግን ምን ገዶት። ደስታ ዘጠኝ፣ ውጤት ሁለት። እኔ ከሙዚቃው ጎን ቆሜ፣ ለኪው ከግራፉ ጎን ቆሞ፣ አለቃችን መሃል ላይ ራሷን ይዛ ሁለት ወር ተጨቃጨቅን። ሥራውን ያዘዘው እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን የሚያክም አንድ ክሊኒክ ነበር። ወሩ ካለፈ በኋላ ባለው ሐሙስ ማስረከብ አለብን።

እንግዲህ የእህቴ ነገር የገባው በዚህ መሃል ነው።

እትዬ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ገርፋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጡረታ ወጣች። ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱን ከቀበርን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። መድኃኒቱን ዋጠች፣ ለብ ያለውን ወተት ጠጣች፣ በእግሯ ተንሸራሸረች፤ ምንም። ቤቷ ከቤቴ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳት? አትጠይቁኝ። እኔም ሚስቴ ትታኝ ከሄደች ወዲህ ሰው ቤት መቀመጥ ይጨንቀኛል። እደውላለሁ። «እንዴት ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» «ደህና።» ሁለት ውሸታሞች ተመሰጋግነን እንዘጋለን።

አንድ ቀን ልጇ ደወለችልኝ። የምትኖረው በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ ደረጃ ላይ ወድቃ እንደነበር ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም።»

«ምድጃ ለኩሳ ረስታ ድስቱ ከሰል መሆኑንስ? ቆማ ነው የምታንቀላፋው። እስከ ወሩ መጨረሻ እንቅልፏ ካልተስተካከለ እወስዳታለሁ።»

«ለምን ትወስጃታለሽ? እኔ እዚህ ሞቻለሁ እንዴ?»

«አልሞትክም፤ ግን የለህም» አለችኝ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ተሳደብኩም፤ ማን እንደሰማኝ እንጃ፣ ቤቱ ባዶ ነው። እውነቱን ልናገር፤ የተናደድኩት ስለተሳሳተች አይደለም። ፈርቼ ነው። እትዬ ከሄደች በዚህ ከተማ ውስጥ እኔን የሚያውቀኝ ሰው አይኖርም። ፈገግ ብለው «ጆሮው» የሚሉኝ አሉ፤ ልጅ ሳለሁ ጨለማ እፈራ እንደነበር የሚያውቅ ግን እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ መተኛት አለባት። ከተኛች አትሄድም። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነው፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አሥራ ሁለት አድማጮች ነበሩን፤ አንዷ ቀርታ ነበርና እትዬን በሷ ቦታ አስገባኋት። ሰኞና ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ። የማዳመጫ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በግራጫ ስፖንጅ የተሸፈነ፣ መሃሉ ላይ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ወንበር ያለበት። ከመስታወቱ ማዶ ያለው የኔ ክፍል ነው፤ እኔ ሚክሰሬ ፊት፣ ለኪው ኮምፒዩተሩ ፊት እንቀመጣለን።

እትዬ ገና ገብታ ሄድፎኑን ስታይ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄንንማ አላደርግም። ሠላሳ ዓመት ጆሮዬን ሲነክሰኝ የኖረ ዕቃ! ከዚያ ዕቃ ልገላገል ብዬ አይደል እንዴ ጡረታ የወጣሁት?»

«እትዬ፣ እባክሽ።»

«አላደርግም አልኩህ። ቆቡ አነሰኝና?»

ግትር ናት፤ በቤታችን ወግ ነው። ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የድሮ ትልቅ ሄድፎን አወጣሁላት፤ ትራስ የመሰለ ለስላሳ። መሰኪያው ወፍራም ስለሆነ ሌሎቹ በሚጠቀሙበት ሶኬት አልገባ ስላለ ጎኑ ባለው ሁለተኛው ሰካሁት። እሷም ዘረጋ አለች፣ እኔም ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፣ ሙዚቃውን ለቀቅኩት። በስፒከሬ ይሰማኛል፤ ያማረ ነበር፣ የራሴ ሥራ ቢሆንም ለመናገር አላፍርም።

በስምንተኛው ደቂቃ ለኪው እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ ተኝተዋል!»

አላመንኩም። ተነሥቼ በመስታወቱ አየኋት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ እጆቿ ሆዷ ላይ ተዘርግተዋል። ዓመት ሊሞላ ያልተኛች ሴት! ፊቴን እንዳያይብኝ ብዬ ሚክሰሩን የማጸዳ መሰልኩ።

«ግን የሚገርም ነው» አለ ለኪው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳፈጠጠ። «አንጎላቸው ምቱን አልተከተለም። ዜሮ ነው።»

«ዜሮህን ብላው! ተኝታለች አላልክም?»

«ተኝተዋል። ግን በድምፁ አይደለም።»

«ታዲያ በምን ተኛች፤ በቆብህ?»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀሰቀስናት። ፎርሙ ላይ ደስታ አሥር ሞላች። እኔ ያንን ፎርም ይዤ አለቃችን ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። «ይኸውልሽ!» አልኳት። «ምት ምት ስትሉ ሁለት ወር አቃጠላችሁኝ። ሰው የሚተኛው ደስ ሲለው ነው። ደስታ አሥር፣ ውጤት ዜሮ፣ እንቅልፍ ግን ድብን ያለ።» ሰኞም ተኛች። የሚቀጥለው ሐሙስም ተኛች። አሥር፣ አሥር፣ አሥር። ለኪውን ባገኘሁት ቁጥር እየነካካሁ አበሸቅኩት።

አለቃችንም ተረታችልኝ። ምቱን ቅበረው አለች፤ ቀበርኩት። እኔ ስቀብር ደግሞ በደንብ ነው የምቀብረው። የአሥራ አንዱ አድማጮች ደስታ ወደ ዘጠኝ ወጣ፤ ውጤታቸው ግን አንድና ሁለት ሆነ፤ ከእትዬ በቀር የተኛም አልነበረም። ናሙናውን የላክንለት ክሊኒክ በሁለት ቀን መለሰው። «ታካሚዎቻችን ወደውታል፤ ግን ያው ዐይናቸው እንደ ፈጠጠ ነው። ለሙዚቃማ እኛም ሬዲዮ አለን» ብለው ጻፉ። ለኪው ደብዳቤውን አንብቦ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አለና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ልመታው ነበር።

ቤቷስ? እሱ ነው ያሳበደኝ። ቅጂውን ስልኳ ላይ ጫንኩላት፤ አልተኛችም። የስልኩ ድምፅ ይሆናል ብዬ ጥሩ ለስላሳ ሄድፎን ገዛሁላት፤ አልተኛችም። ስቱዲዮ ውስጥ በስምንት ደቂቃ የሚጥላት ድምፅ እቤቷ ሲገባ ምን ሆነ? «ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ። «ሙዚቃው ደስ ይላል» ትለኛለች። ዐይኗ ጉድጓድ ገብቷል። ልጇ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ ወሩ እያለቀ ነው።

የወሩ መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እትዬ ወንበሩ ላይ ተኝታ ሳለች ለኪው ወንበሩን ወደኔ ገፋ አደረገ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል።»

«ከመናገርህ በፊት ነው የምቆጣው፤ ቀጥል።»

«ድምፁን የሚጠሉትም ሰዎች ቢሆኑ ትንሽ ምልክት ይታይባቸዋል። የምቱ ዱካ። እህትዎ ላይ ዱካ እንኳ የለም። ስድስት ጊዜ ለካኋቸው። ጭራሽ ያልሰማ ሰው ነው የሚመስሉት።»

ስትነቃ ጠብቄ፣ እሷ ፎርሟን ልትሞላ ወጣ ስትል፣ ገብቼ ያንን የድሮ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ለኪው በመስታወቱ ማዶ ሙዚቃውን ለቀቀው። ጠበቅኩ። የራሴን ደም ሰማሁ። ሌላ ምንም። «ለቀቅከው?» አልኩት በእጄ። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ምንም።

ክው አልኩ። ሁለተኛው ሶኬት ከሁለት ወር በፊት እዝዝዝ እያለ አስቸግሮኝ ከሚክሰሩ ላይ ዘግቼዋለሁ። እኔው በገዛ እጄ። «እንዳይከፈት» ብዬ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፤ የኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። እኔ በስፒከሬ ስለምሰማ እሷም የምትሰማ መሰለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ ሠርቼ፣ ጆሮው ተብዬ፣ እህቴን ሁለት ሳምንት ተኩል ባዶ ሄድፎን አስደመጥኳት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ፎርሟን ለጸሐፊዋ ስታቀብል ደረስኩባት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትሰሚው?»

«ያው ድምፁን ነዋ።»

«ምን ዓይነት ድምፅ? ዘፈን ነው? ዝናብ ነው? ምንድን ነው?»

ዐይኗን ሰበረች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስኳር ስትሰርቅ የተያዘች ልጅ መሰለች።

«ምንም አይሰማም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ሠላሳ ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ እኮ፤ የሞተ መስመር ይጠፋኛል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም? ያ ሁሉ ሰው ባንቺ ፎርም ተማምኖ ድምፁን ቀየረ! እኔን መሳቂያ አደረግሽኝ!»

«ብናገር ታስተካክለዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

ጸሐፊዋ ወረቀት የምታገላብጥ መሰለች። እትዬ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና አየችኝ። «ለምን እንደምተኛ አትጠይቀኝም?» አለች።

ገብቶኛል። አልገባኝም ብል ውሸት ነው። እዚያው ኮሪደሩ ላይ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ግን እንዲህ ያለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ተፈጥሮዬ ነው። «ደክሞሽ ነዋ የምትተኚው» አልኳት። «ሶኬቱን እጠግነዋለሁ። ሐሙስ ነይ። በትክክል ስትሰሚው ደግሞ እቤትሽም ትተኛለሽ።»

«እሺ» አለች።

እኔ ሰኞና ማክሰኞን ሳልነሣ ሠራሁ። ተቃጥዬ ስለነበር ነው መሰል፣ መላው መጣልኝ። ምቱን ከሙዚቃው በታች መቅበርም ከላይ መጫንም ትቼ፣ ሙዚቃውን ራሱን እንዲንቀጠቀጥ አደረግኩት። የክራሩ ክር፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ፣ ሁሉም በምቱ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው ጆሮ ላይ የሚያምር መርገብገብ ነው፣ ለአንጎል ግን ግልጽ ትእዛዝ ነው። ረቡዕ በስድስት ሰዎች ሞከርነው። ደስታ ሰባት፣ ውጤት ሰባት ተኩል። ሦስቱ ተኙ። ለኪው ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። እኔም ጨበጥኩት፤ ምን ላድርግ።

ሐሙስ እትዬ መጣች። ሶኬቱ ተከፍቷል፣ እዝዝታው ጠፍቷል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሙዚቃው ጀመረ። ዐይኔን ከሚክሰሩ መለኪያ መርፌዎች አላነሣሁም። ለኪው እያንዳንዷን ደቂቃ ይነግረኛል። «እየተከተሉ ነው፣ ጋሼ! ስድስት። ሰባት። ዘጠኝ ገቡ! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም!» እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ቀጭኑን ድምፅ ዝቅ፣ እዚያ ጋ ወፍራሙን ከፍ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ነው ቀና ያልኩት።

አልተኛችም ነበር። ዐይኗ ተከፍቶ ጣሪያው ላይ ነው። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወርዶ የሄድፎኑን ለስላሳ ትራስ አርሶታል።

ለኪው ቆቡን አወለቀላት። ፎርሟን ሞላች፣ አጣጥፋ ሰጠች፣ ወደኔ በር ብቅ አለች። «ልጄ የቅዳሜ ቲኬት ቆርጣልኛለች» አለች። «በስድስት ሰዓት ነው።» ፎርሙን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አየሁት፤ በለኪው ውጤት ዘጠኝ፣ በሷ ደስታ አንድ።

«እንግዲህ መልካም መንገድ ይሁንልሽ» አልኳት። እንዲህ አልኳት። አፌን በሰበረው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለኪው የእትዬን ፎርሞች በእጁ ይዞ መጣ። ምንም ስላልሰማች የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ከሒሳቡ መውጣት አለባቸው፣ ልጣላቸው ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው።

«ጣላቸዋ፤ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ከታች የጻፉትን አይተውታል?» አለኝ።

ፎርሙ ግርጌ ላይ አድማጩ ስለ ድምፁ አስተያየት የሚጽፍበት ሁለት መስመር አለ። ማንም አያነበውም። እኔ ቁጥሩን ነው የማየው፤ እሱም ቁጥሩን ነው የሚያየው። አቀበለኝ። የእትዬ ጽሑፍ ቀጥ ያለ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ነው።

«ወንድሜ ከስቷል። ምሳ የሚበላ አይመስለኝም» ይላል የመጀመሪያው። ሁለተኛው፣ «የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሷል። ብነግረው ይቆጣል።» ሦስተኛው፣ «ዛሬ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።» አራተኛው፣ «ከሰውየው ጋር ሲጨቃጨቅ አባባን ይመስላል። ሳላውቀው ተኛሁ።» አምስተኛው፣ «ዛሬ ሳቀ። በምን እንደሆነ አልሰማሁም።» ስድስተኛው አጭር ነው፣ «እዚያው ነበር።» የሐሙሱ ደግሞ፣ ደስታ አንድ ያለችበት፣ «ሙዚቃው በጣም ያምራል። ወንድሜ ግን አንድም ጊዜ ቀና አላለም።»

ኮቴን እንኳ አልያዝኩም። ወጥቼ የመጀመሪያውን ታክሲ አስቆምኩ። ሹፌሩ «ምነው አባት፣ ሰው ሞቶብዎት ነው?» አለኝ። ንዳው አልኩት። መናኸሪያው በር ላይ ወርጄ ሮጥኩ፤ በኔ ዕድሜ ሩጫ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። እትዬ በሩ ሥር ቆማ ሻንጣዋን ለረዳቱ ታቀብላለች።

«አትሂጂ!» አልኩ። መናገር አይደለም፤ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ውይ! አንተ ልጅ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አትሂጂ፤ ነይ ከኔ ጋር ኑሪ። አንዱ ክፍል ባዶ ነው። ብቻዬን ነኝ እትዬ። ብቻዬን መሆን መረረኝ። ወረቀቶቹን አሁን ነው ያነበብኩት። ቀና እላለሁ። የፈለግሽውን ያህል ቀና እላለሁ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳልደፍር ቆይቼ ክንዷን ያዝኩት፤ ቀጥኗል።

«ይሄን ሰኞ ኮሪደሩ ላይ ብትለኝ ኖሮ» አለች፣ «ሻንጣም አላወጣም ነበር። አሁን ልጄ ከሥራ ቀርታ መናኸሪያ ነው የምትጠብቀኝ። ልጆቿ ክፍል አጽድተውልኛል። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አላጥፈውም።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ድንገት ፊቷ በራ። «አንተ ለምን አትመጣም? አንድ ወንበር ባዶ አለ፤ ረዳቱን ሰምቼዋለሁ። ና ውጣ። ልብስ እዚያ አይጠፋም። ና፣ ወንድምዬ።»

ረዳቱም «አባት፣ ይወጣሉ?» አለ።

«ሐሙስ የማስረክበው ሥራ አለኝ» አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣኝ። ራሴን ስናገር ሰማሁት። ወዲያው ልመልሰው ፈለግኩ፣ ምላሴ ግን ተሳሰረ። አትሂጂ ማለቱ ቀሎኝ ነበር፤ ልምጣ ማለት ነው ያቃተኝ። እትዬ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተበጠሰውን የሸሚዜን ቁልፍ ቦታ በሁለት ጣቷ ገጥማ ያዘችልኝ፣ ጥቂት ቆየች፣ ለቀቀችው። «በል እሺ» አለችና ወጣች። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ብሎ ዞረ። መስኮቷ በኔ በኩል ስላልነበር አላየኋትም።

ሐሙስ አስረከብኩ። በአሥራ አንዱ አድማጮች ተለክቶ ደስታ ሰባት ተኩል፣ ውጤት ስምንት። አለቃችን አጨበጨበች፣ ከበሩ ላይ ወረቀቷን ቀደደችው። ክሊኒኩ ሌላ አምስት አዘዘን። ለኪው ከሥራ ስንወጣ «ሻይ ልጋብዝዎት፣ ጋሼ» አለኝ፤ ይቸኩለኛል አልኩት። የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም።

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ልጇ አነሣች። ከኋላዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ የሆነ ዕቃ ይወድቃል፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እኔ ስቱዲዮ ቢገባ ሥራ አቁሜ ነበር የማስወጣው።

«ጋሼ! እማዬ ተኝታለች። እዚሁ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ። ልጆቹ ሲረግጧት እንኳ አትሰማም። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ናት። ለመሆኑ እዚያ ስቱዲዮህ ምን ሰጥተሃት ነው እንዲህ የዳነችው?»

«ምንም አልሰጠኋትም» አልኳት።

ትሕትና መሰላትና ሳቀች። «ላስነሳልህ?»

«ተያት» አልኩ። «ትተኛ።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ስላለኝም ነው፤ ስለቀናሁም ነው።